ልቡ ቀና

«ከሐዋሳ ነው የመጣሁት» አለች ልጅቷ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እንደ ቅርብ ዘመድ እየተንሰቀሰቀች። «አንድም ቀን በአካል አላገኘሁትም። መጽሐፎቹን ግን አንድ ሳይቀረኝ አንብቤያቸዋለሁ።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ከንፈራቸውን መጠጡ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ከአግዳሚው ላይ ቦታ ሰጧት። እየሩስ እባላለሁ አለች፤ ነርስ ናት፤ የደራሲ ረዳን ሞት ፌስቡክ ላይ አይታ ከሥራ አስፈቅዳ ነው የመጣችው። ገላው የሻዩን ፔርሙዝ እንደያዘ ቆሞ ይሰማል።

ለእኔ ከሐዋሳ ማን ይመጣል? አለ በሆዱ። ሐዋሳስ ይቅር፤ ከየካ አባዶ፣ እዚያው ከምኖርበት ብሎክ ማን ይመጣል?

ወዲያው አፈረ። ረዳ ከተቀበረ ገና አንድ ሌሊት ማደሩ ነው። የጓደኛን ልቅሶ ከራስ ልቅሶ ጋር ማስተያየት ምን የሚሉት ነው? አፈረ እንጂ መቅናቱን አልተወም። ለልጅቷ ሻይ ቀዳላትና እጇ ላይ እያስቀመጠ፣ ምናልባት እግረ መንገዷን የኔንም አንብባ ይሆናል ብሎ ተስፋ አደረገ።

«ገላው እባላለሁ» አላት።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለችው። ሻይዋንም ፉት አለች።

የረዳ ቤት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ነው፣ ሰፈሩ አልቆ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሊጀምር ሲል። ገላው በዚያ ግቢ ውስጥ ያልተቀመጠበት ድንጋይ የለም። ከዓመታት በፊት ሁለቱም የመጀመሪያ ልቦለዳቸውን በራሳቸው ወጪ ሊያሳትሙ አንድ ማተሚያ ቤት በር ላይ ተገናኙ። ማተሚያ ቤቱ ሁለቱንም «ነገ ኑ» እያለ ስላመላለሳቸው፣ በዚያ ምልልስ ጓደኛ ሆኑ። መጽሐፎቻቸው የወጡ ዕለት በአንድ አይሱዙ ጫኑ፣ ጥቅል በጥቅል ተሸካከሙ፣ ለአንድ ሳምንት ወገባቸውን አመማቸው። ያኔ ማንም ከማንም አይበልጥም ነበር። ገላው ያንን ሳምንት ይወደዋል።

ከዚያ የረዳ መጽሐፍ አለቀ። እንደገና ታተመ፣ ያም አለቀ። ቀጣዩን በቴሌግራም ምዕራፍ በምዕራፍ እየለቀቀ የሰዉን ልብ አንጠለጠለ፤ የታክሲ ሰልፍ ላይ ያሉ ሴቶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ሲያለቅሱ ገላው በዐይኑ አይቷል። የገላው ጥቅሎች ደግሞ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቀሩ። ባለቤቱ አስያ ጨርቅ አልብሳ ቴሌቪዥኑን አስቀመጠችባቸው፤ ልክ ቁመታቸው ተመቻት።

ቢሆንም እሑድ እሑድ ሁለቱ ጓደኛሞች ወደ እንጦጦ ራጉኤል ይወጡ ነበር። እንጨት ተሸክመው ለሚወርዱ ሴቶች መንገድ እየለቀቁ፣ በየተራ የጻፉትን ያነቡ ነበር። ገላው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሪ ነው፤ የረዳን ረቂቅ ሁሉ የሚያርመው እሱ ነበር። አንድ ቀን ረዳ ዋናውን ገጸ ባሕርይ ሲያስተዋውቅ «ሰው አክባሪ፣ ልቡ ቀና» ብሎ ጻፈ።

«ይሄ አይሆንም» አለ ገላው። «ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ደግ ነው። አንባቢ ጠብቆ ቢያነበውስ? ቀናተኛ አድርገኸው አረፍክ።»

ረዳ እስኪያስለው ሳቀ። «ታዲያ ምን ክፋት አለው? ሁለቱንም ይሁን! ቀናተኛ ሰው ደግ አይሆንም ያለህ ማነው?»

ከዚያ በኋላ «ላልቶ ነው ጠብቆ?» የመሃላቸው ቀልድ ሆነ። አንዱ ሌላውን «ሰላም ነህ?» ሲለው መልሱ ያው ነው። የረዳ ሚስት ሒሩት ሳትቀር በር ስትከፍትለት «ዛሬስ ላልተህ ነው ጠብቀህ?» ትለው ነበር።

እና የሁለተኛው መጽሐፍ ነገር መጣ።

ገላው «የጭራሮ መንገድ»ን አምስት ዓመት ጻፈው። ከእንጦጦ ጭራሮ ስለምታወርድ አንዲት ሴት ነው፤ መጽሐፉ ውስጥ ሌላ ብዙ ነገር አይሆንም። ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ፈርሞ ለረዳ ሰጠው፣ እዚያው ራጉኤል መንገድ ላይ። ሳምንት ጠበቀ። ወር ጠበቀ። ረዳ ስለ ፖለቲካ ያወራል፣ ስለ ወረቀት መወደድ ያወራል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራል፤ ስለ መጽሐፉ ግን ትንፍሽ አይልም። በመጨረሻ ገላው ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ጠየቀው።

«አነበብከው?»

ረዳ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር አሰረ። ያልተፈታውን ክር ነው ያሰረው። «ሽፋኑ ያምራል» አለ።

ይህን ቃል ደራሲ ያልሆነ ሰው እንደ ምስጋና ሊሰማው ይችላል። በደራሲዎች መንደር ግን ከስድብ ይከፋል፤ ውስጡን አታንሳብኝ ማለት ነው። ገላው ያንን ቀን ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። ሌላ ማንም ሰው ያንን ቢለው ግድ አልነበረውም። ገላው ደራሲ መሆን አለመሆኑን ሊነግረው የሚችለው፣ ነግሮትም የሚያምነው አንድ ሰው ረዳ ነበር። አንድ ቀን ይነግረኛል ብሎ ጠበቀ። ሲጠብቅ ረዳን ደም ግፊት ጥሎት፣ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀረ። የገላው መጽሐፍ ምን እንደሚመስል የሚናገረው አፍ ተዘጋ። በቀብሩ ብዙ ሰው አለቀሰ፤ ገላው እንባ እምቢ ብሎት ዋለ።

«መምህር!»

አቶ ገብረማርያም ናቸው፣ የእድሩ ዳኛ። ከዘራቸውን አግዳሚው ላይ አስደግፈው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ትናንት በዚያ ዝናብ ቀብሩ ተጣድፎ የሕይወት ታሪኩ ሳይነበብ ቀረ። ነውር ነው። ለደራሲ የሕይወት ታሪክ ካልተነበበ ለማን ሊነበብ ነው? ነገ በሠልስቱ ይነበብ ብለናል። ጓደኛው አንተ ነህ አሉ።»

«እሺ ጋሼ፣ እጽፋለሁ።»

«አንተም ትጽፋለህ እንዴ ለመሆኑ?»

«አዎ። ሁለት ልቦለድ አለኝ።»

«እህ! ጎሽ፣ ጎሽ። በርታ።»

ገላው ሃምሳ ዓመቱ ነው። በሃምሳ ዓመት «በርታ» መባል ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ወረቀት አውጥቶ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጠና ጀመረ። «ታታሪው ደራሲ ረዳ…» ብሎ ጻፈ። ታታሪ የምትለዋን ቃል ወደዳት። ሙገሳ ናት፣ ማንም አይቃወማትም፤ ግን ብዙም አታስቀናም።

አቶ ገብረማርያም መነጽራቸውን አድርገው ከትከሻው በላይ አነበቡ። «ታታሪ? ታታሪማ እኔም ነኝ። ታላቁ ደራሲ በል እንጂ!»

«ታላቅነቱን እንግዲህ ጊዜ ነው የሚፈርደው ጋሼ።»

«ጊዜ ምን አገባው? ልጅቷ ከሐዋሳ መጥታ የለ!»

ገላው «ታታሪው»ን ሰረዘ። «ታላቁ» ለማለት እጁ አልታዘዝ አለው። ብዙ አሰላስሎ «ታዋቂው» አለ። ታዋቂ ማለት ሰው ያወቀው ማለት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። «በአንባቢያን ዘንድ ተወዳጅ» ብሎ ጨመረና፣ ተወዳጅ የሚለው ሲቆጠቁጠው «በበርካታ አንባቢያን» አለው፤ በሁሉም አይደለም ለማለት ነው። እንዲህ እያለ ሟቹን በቅጽል ሲቆነጥረው ሳለ፣ የድንኳኑ በር ላይ ኦልያድ መጣ።

ኦልያድ መጽሐፍ አዟሪ ነው፣ ደልደል ያለ ጎልማሳ። በፈረንሳይና በአራት ኪሎ መሃል መጽሐፍ ከመዳፉ እስከ አገጩ ደርድሮ ሲሄድ ያላየው የለም። ክምሩን ላስቲክ አልብሶ ከድንኳኑ ቋሚ ሥር አስቀመጠው፣ እጅ ነሳ፣ መጥቶ ገላው አጠገብ ቁጭ አለ።

«እንግዲህ ጋሽ ገላው፣ ብቻህን ቀረህ» አለ ኦልያድ በሹክሹክታ።

«በምኑ?»

«በመገልበጡ ነዋ።»

የገላው ፊት ጋለ። ነገሩ እንዲህ ነው። አዟሪ ከያዘው ሁሉ የሚታየው ላይኛው መጽሐፍ ነው፤ ላይኛው ይሸጣል፣ የታችኛው ሸክም ነው። ገላው ኦልያድን ባገኘው ቁጥር በቀኙ እየጨበጠው፣ በግራው የረዳን አንስቶ የራሱን ከላይ ያደርጋል። በማግስቱ ሲያየው የረዳ ተመልሶ ከላይ ነው። ይህን የሚያደርገው ገበያው ነው ብሎ ገላው ያምን ነበር።

«ምኑን ገለበጥኩ?» አለ።

«ኧረ ተው! ዐይን የለኝም እንዴ? ጠዋት አንተ ትመጣና ያንተን ከላይ ታደርጋለህ። ከሰዓት ጋሽ ረዳ ይመጣና አውጥቶ ከታች ይከተዋል። እኔ መሃል ቆሜ ሁለታችሁም ፈጃችሁኝ!»

«ረዳ? ረዳ ራሱ?»

«ታዲያ ማን? አንድ ቀንማ ብሽቅ ብዬ ‹ጋሽ ረዳ፣ ያንተ እንደ ትኩስ ዳቦ ነው የሚሸጠው፤ የሱን የሚጠይቀኝ የለም፤ ምን አደረገህ?› አልኩት። አይክፋህ እንግዲህ።»

«ምን አለህ?»

«‹አይገባህም ኦልያድ። እሱን ከላይ ካየሁት ቀኔ ይበላሽብኛል› አለኝ።»

ገላው ብድግ አለ። አገር ሁሉ የሚያነብለት ሰው፣ ለጓደኛው በአንድ አዟሪ ክንድ ላይ አንዲት ስፍራ ነፈገ? ሽፋኑ ያምራል ብሎ፣ ያንኑ ያማረ ሽፋን ሰው እንዳያየው ከታች ቀበረ? ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤቱ ጓሮ ዞረ። ልቅሶ ቤት ውስጥ መጮህ ስለማይቻል ለብቻው መቆም ፈለገ።

ሒሩት ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ነበረች። ከሴቶቹ መሃል ወጥታ፣ ጥቁር ሻርፗን እስከ ግንባሯ አውርዳ፣ ውሃ በጣሳ ይዛ ሳትጠጣው ቆማለች።

«እየጻፍክለት ነው አሉኝ» አለችው።

«እየሞከርኩ ነው።»

«እንዳታጋንንለት። ይታወቀዋል።» አሁንም ሰውየው ጓዳ ያለ ይመስል ነው የተናገረችው። ከዚያ ፊቱን አየችና «ምን ሆነሃል አንተ?» አለች።

ገላው ሊተወው ነበር። ባልዋ ትናንት የተቀበረባት ሴት ናት። ግን ዓመት የቆየ ነገር ከአፉ አመለጠው።

«ሒሩት፣ መጽሐፌን አንብቦት ነበር?»

«አልነገረህም?»

«ሽፋኑ ያምራል አለኝ።»

ሒሩትን ሳቅ አመለጣት። ደንግጣ አፏን በሻርፗ ያዘች፤ ሳቁ እዚያው ሻርፗ ውስጥ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። ጣሳውን መሬት አስቀመጠችው።

«ሽፋኑ ያምራል! አይ ረዳ…» አለች ዐይኗን እየጠረገች። «አንብቦ የጨረሰ ቀን እዚች ጋ ነው ወጥቶ የቆመው። ምሳ አቀረብኩ፣ አልበላም። ራትም አልበላም። በማግስቱ ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ‹አልታመምኩም፣ ቀንቼ ነው› አለኝ። እንዲህ ፊት ለፊት! ‹ይሄን እኔ ሰባቴ ብወለድ አልጽፈውም› አለ። እየተነሳ ደግሞ ከመሃል ያነብልኛል። ያቺ ሴትዮ ሸክሟን አውርዳ፣ ባዶ ጀርባዋ የሚከብዳትን…»

«ታዲያ ለኔ ምነው አንዲት ቃል—»

«ብዬዋለሁ! ‹ንገረው እንጂ፣ ሰውየው አፍ አፍህን እያየ ነው› ብዬዋለሁ። ‹እነግረዋለሁ፣ መጀመሪያ እኔም አንድ እንደሱ ያለ ልጻፍና› አለኝ። ሲጽፍ ሲቀድ፣ ሲጽፍ ሲቀድ ከረመ። ሲደርስብህ ሊነግርህ ነበር ገላው።» ጣሳዋን አነሳች። «አልደረሰብህም።»

ውስጥ ሴቶቹ ስሟን ጠሩ፤ ገባች።

ገላው መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። ደረቱ ተነፋ፣ ጉንጮቹ ሞቁ፣ የባሕር ዛፉን ግንድ ሊያቅፈው ምንም አልቀረውም። ረዳ ቀንቶበታል! ምግብ እስኪያስጠላው ቀንቶበታል! ሮጦ ለረዳ ሊነግረው አሰበ፤ እንዲህ ያለውን ወሬ ሁልጊዜ የሚወስደው ለረዳ ነበርና። ወደ ቤቱ በር አንድ እርምጃ ተራመደ፣ ቆመም።

በዚህ ትልቅ ከተማ በገላው የሚቀና አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ትናንት ተቀበረ። ከእንግዲህ የሚጽፈውን ተደብቆ የሚያነብ፣ አንብቦ የሚናደድ፣ ተናዶ ከታች የሚከተው የለም። እዚያው ጓሮ፣ ረዳ ቆሞበት በነበረው ቦታ፣ ገላው ግንዱን ይዞ አለቀሰ። እንባው ሲመጣ ብዙ ነበር፤ ድምፁ ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። አቶ ገብረማርያም «አሁን ገና ወጣለት» አሉ።

በሠልስቱ ድንኳኑ ሞላ። ቆሞ የቀረም ነበር። እየሩስ ከሴቶቹ መሃል፣ ኦልያድ ከቋሚው አጠገብ፣ ሒሩት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ገላው ወረቀቱን ዘረጋ። ማታ ቤቱ፣ ቴሌቪዥኑ በቆመበት ጥቅል ፊት ተቀምጦ እንደገና ጽፎታል። ታታሪውም ታዋቂውም ወጥተዋል። «ታላቁ ደራሲ ረዳ» ብሎ ሲጀምር አቶ ገብረማርያም ከዘራቸውን መሬት መታ መታ አደረጉ።

የት እንደተወለደ አነበበ፤ የት እንደተማረ፤ ማተሚያ ቤት በር ላይ ስንት ጊዜ «ነገ ና» እንደተባለ። ሰዉ ትንሽ ሳቀ። የመጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሰው አክባሪ ነበር» አለ። «ልቡ ቀና።»

ጠብቆ ነው ያነበበው። «ና»ን ምላሱ ጥርሱ ላይ እስኪጣበቅ ረገጣት።

«ልበ ቀና!» አሉ አቶ ገብረማርያም ጮክ ብለው፣ አላልተው። «እውነት ነው! ልበ ቀና ሰው ነበር!» ድንኳኑ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ሒሩት ብቻ ቀና ብላ ገላውን አየችው። ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አጠገቧ ያሉት ሴቶች እያለቀሰች መስሏቸው አቀፏት።

ወደ ማምሻው ገላው ተሰናብቶ ቁልቁለቱን ወደ ታክሲ ማዞሪያው ወረደ። የአባዶ ሰልፍ እንደ ወትሮው ረጅም ነው። ኦልያድ ቀድሞት ወርዶ፣ ክምሩን ክንዱ ላይ ደርድሮ ሰልፈኛው ጫፍ ቆሟል። ላይኛው የረዳ ነው፤ ከሞተ ወዲህ ጠያቂው በዝቷል።

ገላው በቀኝ እጁ ጨበጠው። ግራ እጁ ማንንም ሳያማክር ሄደና የራሱን መጽሐፍ አውጥቶ ከላይ አደረገው። ኦልያድ እንደ ድሮው ወደ ሌላ አቅጣጫ አየ። ገላው ተራውን ያዘ። ከቆመበት ሆኖ ሽፋኑን ተመለከተው፦ ጭራሮ የተሸከመች ሴት፣ ፊቷ የማይታይ፣ አቀበቱ ከኋላዋ። ያምራል። ነገም እዚያው ከላይ ይሆናል፣ ከነገ ወዲያም። ከሰዓት መጥቶ የሚያወርደው የለም።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አንድ ሚኒባስ መጣ፤ የሚገባበት ቦታ ነበረው። ገላው ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ኦልያድ ተመለሰ።

«ምን ረሳህ ጋሼ?»

ገላው የራሱን መጽሐፍ ከላይ አነሳ። የረዳን ዳር ዳሩን አስተካክሎ ከላይ መለሰው። ከዚያ የያዘውን መሃል ላይ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ሥር ሊያስገባ ሞከረ።

«እዚህ ጋ ነበር የሚከተው?» አለ።

ኦልያድ አገጩን ከክምሩ ላይ አነሳ።

«አይ» አለ ቀስ ብሎ። «እሱ ከምግብ አዘገጃጀት መጽሐፉም ሥር ነበር የሚከተው።»

ገላው የምግብ አዘገጃጀቱን ቀና አድርጎ ያዘ፤ የጭራሮዋን ሴት ከሥሩ አስገባት፣ ጫፏ እንኳ እንዳይታይ በአውራ ጣቱ ገፋት። እጁን ግን ወዲያው አላወጣም።